ብሉኸር ጄኔራል ነበር ወይስ ግናይዘናው ያሰበውን ፈጻሚ?

ፈረሰኛው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የናፖሊዮን ዘመን ጦርነት ሲነሳ ወሬው ሁሌ በሁለት ሰው ያልቃል፤ የፈረንሳዩ ናፖሊዮንና የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ዌሊንግተን። ዛሬ ሦስተኛውን ሰውዬ ላምጣው፤ የፕሩሺያውን ፊልድ ማርሻል ጌብሃርድ ሌበሬኽት ፎን ብሉኸርን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

የሰውዬው የሥራ ታሪክ ሲጀመር የትልቅ ጄኔራል አይመስልም። በ1742 ሮስቶክ ተወለደ። ሮስቶክ ያኔ የሜክለንበርግ እንጂ የፕሩሺያ አልነበረችም። በ16 ዓመቱ ጦር ሲገባም የገባው ለስዊድን ነው፤ ያውም ከፕሩሺያ ጋር እየተዋጋች ላለችው ስዊድን። በ1760 የፕሩሺያ ሁሳሮች ማረኩት። ሁሳር ማለት ለቅኝት፣ ለድንገተኛ ጥቃትና ለማሳደድ የሚላክ ቀላል ፈረሰኛ ነው። የማራኪዎቹ አዛዥ ቤሊንግ ልጁን ወደደው፤ አግባብቶ በራሱ ሬጅመንት ውስጥ መኮንን አደረገው። ብሉኸር ዞሮ ዞሮ የዚያው የማረከው ሬጅመንት አዛዥ ለመሆን በቃ።

መሃል ላይ ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ። ፖላንድ ውስጥ ሳለ አመፀኞችን ይረዳል ብሎ በጠረጠረው ቄስ ላይ የይስሙላ ረሸና አዘጋጅቶ አስፈራራው። ሹመት ሲደርስ ታለፈ። በንዴት ክብር የጎደለው የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ታላቁ ፍሬድሪክ እንዲህ ያለ ነገር የሚወድ ንጉሥ አልነበረም። መጀመሪያ አሰረው። በ1773 ደግሞ «ሻምበል ብሉኸር ወደ ሰይጣን መሄድ ይችላል» ብሎ አሰናበተው።

ከዚያ እርሻ። አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ፖሜራኒያ ውስጥ መሬት ያዘ፣ ገበሬነቱም ሰመረለት። ልቡ ግን ጦሩ ጋ ነው። ደጋግሞ አመለከተ፤ ደጋግሞ እምቢ ተባለ። በሩ የተከፈተው ፍሬድሪክ በ1786 ከሞተ በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ44 ዓመቱ፣ ሻለቃ ሆኖ ወደ ድሮ ሬጅመንቱ ተመለሰ። የብዙ መኮንን ጉዞ በሚያበቃበት ዕድሜ የሱ እንደ አዲስ ተጀመረ። በ1794 ሜጀር ጄኔራል፣ በ1801 ሌተና ጄኔራል፣ በ1813 ፊልድ ማርሻል። ናፖሊዮን ለመጨረሻ ጊዜ በተሸነፈበት በዋተርሉ ውጊያ፣ በ1815፣ 72 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ሰውዬው ራሱ ጄኔራል ነበር? ወይስ ግናይዘናው የሚባለው ኤታማዦር ሹሙ ያቀደውን ተቀብሎ «ወደፊት!» የሚል ጉልበተኛ ሽማግሌ? እኔ ጄኔራል ነበር ባይ ነኝ። እስቲ ተከራከሩኝ።

የካርታ ልጅ

ካልክ አይቀር እከራከርሃለሁ። ሰውዬው ራሱ መልሱን ሰጥቶሃል እኮ። በ1814 ከድሉ በኋላ እንግሊዝ ሲጋበዝ ኦክስፎርድ የክብር ዶክትሬት ሰጠችው። ምን አለ? እኔ ዶክተር ከሆንኩ ግናይዘናውን ቢያንስ መድኃኒት ቀማሚ አድርጉት፤ ክኒኑን የሚያዘጋጀው እሱ ነው፣ እኔ አዋጭ ብቻ ነኝ አለ። ከዚህ በላይ ምስክር ከየት ይምጣልህ?

ብሉኸር ካርታ ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው አልነበረም። ደብዳቤዎቹን ያየ ሰው ያውቃል፣ ፊደል አጻጻፉ ጉድ ነው። ሰልፉን፣ ስንቁን፣ የትኛው ኮር (ትልቅ የጦር ክፍል) በየትኛው መንገድ በስንት ሰዓት ይነሳ የሚለውን ሁሉ የሚሠራው ኤታማዦሩ ነው። መጀመሪያ ሻርንሆርስት፣ እሱ በ1813 ሲሞት ግናይዘናው። ፕሩሺያ በ1806 ከተንኮታኮተች በኋላ እነ ሻርንሆርስት የገነቡት አሠራር ይኼው ነው፦ አዛዡ ክብሩንና ደፋርነቱን ይዞ ፊት ይቆማል፣ አጠገቡ የተማረ መኮንን ያስብለታል። ብሉኸር የዚህ አሠራር ምርጥ ማሳያ ነው። የአሠራሩን ድል ለአንድ ሰው ስትሰጠው ነው እኔ የማልስማማው።

ሰፈርተኛው

እኔ ብሉኸርን የማውቀው በጫማ ስም ነው ሃሃ። ባለ ማሰሪያ የቆዳ ጫማ። ለመሆኑ ሰውዬው ዋተርሉ ላይ መጨረሻ ሰዓት ደርሶ ፎቶ የተነሳው አይደል እንዴ?

ፈረሰኛው

ሰፈርተኛው፣ ጫማው በሱ ስም መጠራቱ እውነት ነው። ጆርጅ ስቲቨንሰንም በ1814 የሠራትን የመጀመሪያ የእንፋሎት ባቡር በስሙ ነው የጠራት። ያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ የነበረው ዝና ቀላል አልነበረም። ስለ ፎቶው ደግሞ ቆይ፣ ዋተርሉ ላይ ስንደርስ እንነጋገራለን።

የካርታ ልጅ፣ ያልሽው አሠራር ከመገንባቱ በፊት ወደነበረው 1806 እንሂድ። ጥቅምት 14 ኦወርሽቴት ላይ ብሉኸር ፈረሰኛውን ይዞ የፈረንሳዩን ማርሻል የዳቩን እግረኛ ደጋግሞ መታ። አልሆነም። የፈረንሳይ እግረኛ በአራት ማዕዘን ቆሞ መለሰው። የዚያን ቀን የፕሩሺያ ጦር ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው አሳፋሪ ነው። ምሽግ በምሽግ ላይ እጁን ሰጠ፤ የፕሩሺያው አዛዥ ሆሄንሎህ ጥቅምት 28 ፕሬንዝላው ላይ ተማረከ።

ብሉኸር ግን እምቢ አለ። የተረፈውን ሰብስቦ ወደ ሰሜን ምዕራብ አመራ፤ መንገድ ላይ ሌላ ቅሪት ጦር ሲቀላቀለው 20 ሺህ ገደማ ሰው ሆነ። ከኋላው ሦስት ማርሻሎች፣ ሙራት፣ ሱልትና በርናዶት፣ እያሳደዱት ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ እነዚህ ሦስቱ እኔን ሲከተሉ በምሥራቅ ለቀረው ጦር ጊዜ ይገኛል። እስከ ሉቤክ ወሰዳቸው። ኅዳር 6 ፈረንሳዮች ከተማዋን ሰብረው ገቡ። ጎዳና ለጎዳና ተዋግቶ እሱ አመለጠ፤ ሻርንሆርስት ግን እዚያው ተያዘ። በማግስቱ ራትካው የምትባል መንደር ላይ፣ ጀርባው ለባሕር፣ እጁን ሰጠ።

አሁን ይቺን እዩልኝ። የእጅ መስጫው ሰነድ ላይ ከፊርማው ጋር «እጅ የምሰጠው ዳቦና ጥይት ስለሌለኝ ነው» የሚል እንዲጻፍ ፈለገ። ፈረንሳዮቹ አልተመቻቸውም። እሱ ግን ካልተጻፈ ብሎ ድርቅ አለ፤ ተጻፈም። በዚያ ሰሞን ስንቱ አዛዥ ሙሉ መጋዘን ይዞ በር የከፈተ መሰላችሁ? በቀጣዩ ዓመት ፕሩሺያዎች ከያዙት ከፈረንሳዩ ጄኔራል ቪክቶር ጋር ተለዋውጦ ተፈታ።

የድሮ ወታደር

ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። ፈረሰኛው ያነሳው ሰነድ ለወታደር ትልቅ ነገር ነው። የተሸነፈ ጦር ቀና ብሎ የሚሄደው እንዲህ ያለ አዛዥ ሲኖረው ነው። ለምን እንደተሸነፈ በጽሑፍ ሰፍሯል። ፈሪ ነበር የሚለው የለም።

ግን ሰውዬውን መልአክ አታድርጉት። ቁማር ይወድ ነበር፤ ያውም ክፉኛ። መጠጡም፣ ፒፓውም፣ የፈረስ ውድድሩም አለ። እዳውም ከቁማሩ ኋላ ነው የሚመጣው።

ሰፈርተኛው

ጋሼ፣ ዝሆኑን ረሱት እንዴ? ከፈረንሳይ ወታደር ዝሆን አርግዣለሁ ይል ነበር አሉ! እንዲህ ያለ ሰው ነው 100 ሺህ ጦር የሚመራው?

ነጭ ጋዎን

ሰፈርተኛው፣ እሱ ላይ እንኳን ባንስቅ። ታሪኩን ዌሊንግተን ከራሱ ከብሉኸር ሰማሁት ብሎ አውርቶታል፣ ስለዚህ ተራ አሉባልታ አይደለም። ጊዜውን ግን ተመልከት። ከ1807 ውርደት በኋላ ነው። ሀገሩ ግማሽ ግዛቷን አጥታለች። በ1808 ስምምነት ጦሯ ከ42 ሺህ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ሰውዬው ፖሜራኒያ ላይ ገዥ ሆኖ ይጠብቃል፣ ያረጃል፣ ይታመማል። ይተክዛል፣ ይቃዣል። በ65 ዓመቱ የአእምሮ ሕመም የያዘው ሰው ነው የምናወራው።

የሚገርመኝ ሌላው ነው። ሕመሙን የቅርብ ሰዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ያም ሆኖ በ1813 ጦርነቱ እንደገና ሲቀጣጠልና «አርጅቷል፣ ያበደ ነው» ሲባል ሻርንሆርስት መቶ ዝሆን ሆዱ ውስጥ ቢኖርም መምራት ያለበት እሱ ነው ብሎ ተከራከረለት ይባላል። ሻርንሆርስት እኮ ቀዝቃዛ፣ አስልቶ የሚናገር የመድፈኛ መኮንን ነው። ለቀልድ የሚሾም ሰው አይደለም። ሉቤክ ድረስ አብሮት ያፈገፈገ ስለሆነ ምን እንደሚሾም ያውቃል።

ፈረሰኛው

ነጭ ጋዎን እህቴ፣ ተባረኪ። አንድ ነገር ልጨምር። በሕመሙም መሃል ቢሆን ተኝቶ አልነበረም። ኮልበርግ ምሽግ ላይ ያሠራው ሥራ ፈረንሳዮችን አስቆጣ፤ ንጉሡ አቁም ሲለው አዘገመ። በመጨረሻ በ1811 ከሥልጣኑ ተነሳ። ሁለተኛ ጊዜ መባረሩ ነው። ፍሬድሪክ ስለ ምላሱ አባረረው፣ ፍሬድሪክ ዊልሄልም ሦስተኛ ደግሞ ናፖሊዮንን ፈርቶ።

የካርታ ልጅ

እሺ፣ ባሕርይው ላይ አንጣላም። ወደ ሙያው እንመለስ።

1813 ክረምቱ ላይ በናፖሊዮን ላይ ያበሩት አጋሮች (ሩስያ፣ ፕሩሺያ፣ ኦስትሪያ፣ ስዊድን) ሦስት ጦር አቆሙ፤ የቦሄሚያ፣ የሰሜንና የሲሌዢያ። የሲሌዢያው የብሉኸር ነው። 100 ሺህ ገደማ ሰው፣ አብዛኛው ሩስያዊ። ዕቅዱ ትራኸንበርግ ላይ የጸደቀ ነው፦ ናፖሊዮን ራሱ ከመጣብህ አፈግፍግ፣ ማርሻሎቹን ብቻቸውን ካገኘህ ምታ። ብሉኸር ይህን ዕቅድ አላወጣውም፤ ፈጸመው። ነሐሴ 26 ካትስባኽ ላይ ያገኘው ትልቁ ድሉ ደግሞ ግማሹ አጋጣሚ ነው። የፈረንሳዩ ማርሻል ማክዶናልድ ፕሩሺያዎቹ እያፈገፈጉ ነው ብሎ ወንዙን ይሻገራል። ብሉኸርም በዚያው ሰዓት ለማጥቃት ይነሳል። ሁለቱም ሳያውቁ ተላተሙ። ዝናቡ ስለማያባራ ባሩዱ ረጥቦ ጠመንጃ አይተኩስም። በሳንጃና በሰደፍ ተገጣጠሙ። የፈረንሳዮቹ ጀርባ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። ከዚያ ያለውን ገምቱት። 100 ገደማ መድፍ ጥለው ሄዱ። ለዚህ ድል ነው በኋላ የዋልሽታት ልዑል የተባለው። ዝናቡ ባይኖርስ?

የድሮ ወታደር

የካርታ ልጅ፣ ልጄ፣ ዝናቡ ለሁለቱም ነው የዘነበው። ከገደሉ አናት ሆኖ ምን ያህል ሰው እስኪሻገር ልጠብቅ፣ መቼ ልምታ የሚለውን መወሰን የአዛዥ ሥራ ነው። ዘገየ ቢባል ብዙ ይሻገራሉ፣ ቸኮለ ቢባል ጥቂት ብቻ ይመታል።

ደግሞ እነማንን ይዞ እንደነበር አስቢ። ዮርክ የፕሩሺያ ኮር አዛዥ ነው፤ ግናይዘናውን ዓይኑን ማየት አይፈልግም። ላንዠሮን ለሩስያ የሚዋጋ ፈረንሳዊ ነው፤ ትእዛዝ ሲደርሰው የማይስማማውን ዝም ብሎ ይተዋል። የሩስያው ጄኔራል ሳከን ሌላ ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አቁሞ ማዋጋት ካርታ ላይ አይታይም። የሩስያ ወታደሮች «ማርሻል ወደፊት» ብለው ስም ያወጡለት እኮ ቋንቋቸውን ሳይናገር ነው። ፒፓውን ይዞ በፈረስ ሲያልፍ ማየት በቂያቸው ነበር።

ሰፈርተኛው

ጋሼ እንዲህ ሲሉ ልቤ ወደ ብሉኸር ያደላል። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ናፖሊዮን ራሱ ሲገጥመውስ ስንት ጊዜ አሸነፈው?

የካርታ ልጅ

ጥሩ ጥያቄ! ግንቦት 1813 ሉትሰንና ባውትሰን፣ ሽንፈት። እዚያ ዋና አዛዡ ሩስያዊ ስለነበር እለፈው እሺ። ጥር 1814 መጨረሻ ብሪየን፣ ሽንፈት። የካቲት 1 ላ ሮቲዬር፣ አዎ አሸነፈ፤ በቁጥር በጣም በልጦ። ከዚያ ጉዱ መጣ። ወደ ፓሪስ ለመቸኮል ኮሮቹን በረጅም መንገድ ላይ በታተናቸው። ናፖሊዮን 30 ሺህ ገደማ ሰው ይዞ ከጎን ገብቶ አንድ በአንድ ለቀማቸው። ሻምፖበር፣ ሞንሚራይ፣ ሻቶ ቲዬሪ፣ ቮሻ። ከየካቲት 10 እስከ 14። በወታደራዊ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ የሚነገር ሽንፈት ነው። «ወደፊት» ማለት ብቻውን እዚህ ያደርሳል።

ፈረሰኛው

ተቀበልኩሽ፣ የካቲቱ ከባድ ሽንፈት ነው። ግን ቀጥሎ ያደረገውን እይ። ሌላ አዛዥ እንዲህ ተመትቶ ራይንን ተሻግሮ ይመለሳል። የቦሄሚያው ጦር አዛዥ ሽቫርትሰንበርግ እንኳ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነው። ብሉኸር ግን ወሩ ሳያልቅ መልሶ ወደ ፓሪስ አቅጣጫ ተንቀሳቀሰ። ናፖሊዮን እሱን ይከተል ዘንድ ተገደደ፤ ሌላው ጦር ተነፈሰ።

አሁን ዋናው ክርክሬ ላይ ልምጣ። ከሁለቱ ማን ነው ጦሩን የሚመራው የሚለውን ለማወቅ አንዱ የሌለበትን ቀን ማየት ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ቀኖች አሉ።

አንደኛው ላኦን፣ መጋቢት 1814። ማታ ዮርክና ሌላው የፕሩሺያ ኮር አዛዥ ክላይስት የፈረንሳዩን ማርሻል የማርሞንን ኮር በድንገት መትተው በታተኑት። ናፖሊዮን በማግስቱ አደጋ ላይ ነው፤ ማሳደዱ ከቀጠለ መውጫ መንገዱ ይዘጋል። ትእዛዙም ተሰጥቶ ነበር። ሌሊቱን ግን ብሉኸር ወደቀ። ትኩሳት ያዘው፣ ዓይኖቹ አብጠው ብርሃን ማየት አቃተው። አመራሩ ግናይዘናው እጅ ገባ። ያ ሁሉ ብልህ ሰው ምን አደረገ? ማሳደዱን አስቆመ። ዮርክ በንዴት ጋሪውን አስጭኖ ጦሩን ጥሎ ሊሄድ ተነሳ። የመለሰው የብሉኸር ደብዳቤ ነው፤ ማየት የማይችል ሽማግሌ በእጁ የጻፈው። ጭንቅላቱ እዚያው ነበር፣ ግናይዘናው ነው። ጦሩ ግን ለቀናት እግሩ ታሰረ።

የካርታ ልጅ

ሁለተኛውን ቀን እኔ ልናገረው፣ ምክንያቱም የኔ ነው። ሊኒ፣ ሰኔ 16 ቀን 1815፤ ናፖሊዮን ከስደት ተመልሶ ጦርነቱ እንደገና ሲነሳ፣ ከዋተርሉ ሁለት ቀን በፊት። ብሉኸር ጦሩን ፊት ለፊት በሚታይ ዳገት ላይ ዘርግቶ ለፈረንሳይ መድፍ አጋለጠው። ዌሊንግተን ከውጊያው በፊት መጥቶ አይቶ፣ እነዚህ ሰዎች ክፉኛ ይመታሉ ብሏል። ተመቱም። ሲመሽ መሃሉ ተሰበረ። የጦሩ ዋና አዛዥ፣ የ72 ዓመት ሰው፣ ምን ያደርጋል? ሰይፍ መዝዞ በፈረሰኛው ፊት ይጋልባል! ፈረሱ ተመታ። ከሥሩ ቀረ።

ጦሩ አዛዥ የለውም። በጨለማ፣ መንገድ ላይ፣ ግናይዘናው ወሰነ፦ ወደ ምሥራቅ ወደ መጋዘናችን ሳይሆን ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋቭር። ዋተርሉን ያስቻለው ይህ ውሳኔ ነው። ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ ኖሮ ዌሊንግተን ብቻውን ነበር የሚቀረው። ውሳኔው ሲሰጥ ብሉኸር የት ነበር? ከፈረስ ሥር።

የድሮ ወታደር

ከፈረሱ ሥር የነበረውን ሰዓት አለፍሽው እንጂ ልጄ። እሱ ራሱ ታሪክ ነው። ፈረሱ እንግሊዛዊ ልዑል የሰጠው ሸበላ ግራጫ ነው። ሲወድቅ ሽማግሌውን ተጭኖ ወደቀ። ረዳቱ ኖስቲትስ ብቻውን አጠገቡ ቀረ። ኮቱን ገፎ የብሉኸርን ኒሻን ሸፈነበት፣ ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ። የፈረንሳይ ከባድ ፈረሰኛ በአጠገባቸው እየጋለበ አለፈ። ፕሩሺያዎቹ ሲያባርሩት ደግሞ ያው ፈረሰኛ ተመልሶ አለፈ። ዝቅ ብሎ ያየ የለም። በኋላ ነው የራሳቸው ሰዎች ፈረሱን አንስተው፣ ሽማግሌውን በሌላ ፈረስ ላይ ጭነው ያወጡት።

ሌሊቱን የተቀጠቀጠ ገላውን አሹለት። በማግስቱ ከፕሩሺያ ጦር ጋር የነበረውን እንግሊዛዊ መኮንን ሃርዲንግን ሲያገኘው አቀፈውና ትንሽ እሸታለሁ አለው። ሃርዲንግ ራሱ እዚያው ሊኒ ላይ ግራ እጁን አጥቶ ተኝቷል። ሰዎቹ እንዲህ ናቸው።

ፈረሰኛው

የካርታ ልጅ፣ ወደ ሰሜን ማፈግፈጉ የግናይዘናው ነው፣ ምስጋናውን አልነፍገውም። ግን ዋቭር መድረስ አንድ ነገር ነው፤ ከዋቭር ተነስቶ ዌሊንግተን ጋር መድረስ ሌላ። ግናይዘናው ዌሊንግተንን አያምነውም ነበር። ሊኒ ላይ እንረዳችኋለን ብለው ሳይመጡ ቀሩ ብሎ ቂም ይዟል። እኛ ስንሄድ እነሱ ቢያፈገፍጉስ የሚል ሥጋት አለው። ሃርዲንግ እንደተናገረው ማታ ከተከራከሩ በኋላ ብሉኸር ወጥቶ «ግናይዘናው ተሸንፏል፤ ከዌሊንግተን ጋር ልንቀላቀል ነው» አለው። በዚያች ሰዓት ክኒኑን ማን ነው ያዘጋጀው?

ሰኔ 18 ከአልጋ እንዳይነሳ ቢመከርም ተነሳ። መንገዱ ጭቃ ነው። መድፉ እስከ ግማሽ ጎማው ሰጥሟል፤ ወታደሩ አንችልም ይላል። በየሰልፉ መሃል እየዞረ፣ ለወንድሜ ለዌሊንግተን ቃል ሰጥቻለሁ፣ ቃሌን እንድበላ ትፈልጋላችሁ እንዴ ይላቸው ነበር። ከቀኑ አሥር ተኩል ገደማ (በእኛ ሰዓት) የፕሩሺያው የቡሎቭ ኮር ፕላንስኗ መንደር ላይ ውጊያ ጀመረ። ናፖሊዮን የጄኔራል ሎባውን ኮር፣ ከዚያም ከምርጥ ጦሩ የወጣት ዘበኛውን፣ ከዚያም ከአሮጌው ዘበኛ ክፍል ወደዚያ ለመላክ ተገደደ። መንደሩ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ሲመሽ ደግሞ ሌላው የፕሩሺያ ኮር፣ የትሲተን፣ በዌሊንግተን ግራ በኩል ደረሰ። ያን ቀን ፕሩሺያዎች 7 ሺህ ገደማ ሰው አጥተዋል። ሰፈርተኛው፣ ፎቶ የተነሳው ይህ ነው።

ሰፈርተኛው

እሺ እሺ፣ ፎቶውን አነሳለሁ። 7 ሺህ ሰው ፎቶ ለመነሳት አይሞትም።

የካርታ ልጅ

ሰልፉ ላይ ግን አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል። መጀመሪያ የተላከው የቡሎቭ ኮር ነው፤ ትኩስ ስለነበር። ችግሩ ከሁሉም ርቆ የሰፈረው እሱ ነው። ዋቭርን አቋርጦ፣ በሌሎቹ ኮሮች መሃል መሄድ ነበረበት። ከተማዋ ውስጥ እሳት ተነሳ፣ መንገዱ ታጨቀ። ሰዓታት ጠፉ። ይኼ የኤታማዦር ሥራ ነውና ግናይዘናውም እዚህ ላይ መጠየቅ አለበት። በተረፈ የፕሩሺያው ቲልማን ዋቭር ላይ ብቻውን ቀርቶ የፈረንሳዩን ማርሻል ግሩሺን ማገዱን ማንም አያነሳውም፤ ያሳዝነኛል።

ነጭ ጋዎን

እኔ ደግሞ የማይመቸኝን ልናገር። ዋተርሉ ከመድረሱ በፊት፣ ግንቦት 1815፣ ሊዬዥ ላይ የሳክሶኒ ወታደሮች አመፁ። ሀገራቸው በድርድር ስለተቆረሰች ጦሩም በአዲሱ ድንበር ይከፈል ተባለ። ወታደሮቹ ለንጉሣችን የማልነው መሐላስ ብለው የብሉኸርን ቤት በድንጋይ ደበደቡ። እሱ በጓሮ ወጣ። ከዚያ መሪዎቹን አስረሸነ፤ የዘበኛ ክፍሉ ባንዲራም ይቃጠል ብሎ አዘዘ። ጄኔራል ቦርሽቴል ባንዲራውን አላቃጥልም አለ፤ ከኮር አዛዥነቱ ተነሳ። ከጦርነቱ በኋላም ፓሪስ ውስጥ የዬና ድልድይን፣ በ1806 ሽንፈታቸው ስም የተጠራውን፣ በባሩድ ላፈንዳው ብሎ ነበር። ናፖሊዮንንም ይዞ ሊረሽነው ፈልጎ ዌሊንግተን ነው ያልተስማማው። ስለ ቁርጠኝነቱ ስታወሩ በዚያ በኩል የቆመውም ሰው ይታየኝ።

የድሮ ወታደር

እውነት ነው። የቦርሽቴል ነገር እኔንም ያሳዝነኛል። ትእዛዝ እምቢ ያለው ለሌላ ሰው ክብር ነው። ብሉኸር ራሱ ለንጉሥ ሻካራ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ሆኖ ይህን አለመረዳቱ ይገርማል።

ፈረሰኛው

ልክ ናችሁ፣ ያንን አልሸፍነውም። ፖላንድ ውስጥ ያንን ቄስ ያስፈራራው ሻምበልና ሊዬዥ ላይ ያስረሸነው ማርሻል አንድ ሰው ናቸው። ያ ጠባዩ አልለቀቀውም።

መጨረሻውን ለጠየቁኝ፦ ከዋተርሉ በኋላ ለሱ ብቻ ተብሎ የወርቅ ጨረር ያለው ልዩ የብረት መስቀል ተሠራለት። ከሱ በኋላ ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በ1918 ሂንደንቡርግ። መስከረም 12 ቀን 1819 ሲሌዢያ ውስጥ ክሪብሎቪትስ ርስቱ ላይ ሞተ። ቦታው ዛሬ ፖላንድ ነው፣ ክሮቢየሎቪትሰ ይባላል። በ1945 የሶቪየት ወታደሮች መቃብሩን ሰብረውታል። «ማርሻል ወደፊት» ብለው ስም ካወጡለት ወታደሮች የልጅ ልጆች አንዳንዶቹ እዚያ ሳይኖሩ አይቀሩም።

የካርታ ልጅ

አቋሜ ያው ነው፦ ግናይዘናው ከሌለ ብሉኸር ጎበዝ የሁሳር አዛዥ ሆኖ ይቀር ነበር። የላኦኑን ግን አስብበታለሁ፤ የዮርክ ኩርፊያ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ለመሆኑ ስለ ዮርክ ማንም ክር ከፍቶ አያውቅም እኮ። ታኅሣሥ 30 ቀን 1812 ታውሮገን ላይ የንጉሡን ፈቃድ ሳይጠብቅ ከሩስያ ጋር ስምምነት የፈረመውን ሰውዬ። በዚያ ቀን ከድቷል ወይስ ሀገሩን አድኗል ብለን ብንጀምርስ?

የድሮ ወታደር

ክፈቺው ልጄ። እኔ ከድቷል ባዩ ጎን ነኝ፣ ከወዲሁ ተዘጋጂ።